መብራት ይተከል ወይስ አደባባይ ይሠራ?

(የመንገድ ጉዳይ እንዲያጠኑ የተመረጡ አባላት በሠፈር ነዋሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያቀረቡት ንግግር፤ ፍኖተ ሰላም)



ባለፈው ስብሰባችን ላይ ተነሥቶ ሳይቋጭ የቀረውን የመንገድ ጉዳይ አጥንተን እንድናቀርብ በሰጣችሁን ኃላፊነት መሠረት እነሆ ዛሬ ፊታችሁ ቆመናል። ክርክሩ ምን እንደነበረ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከፊሎቻችን «ከተማችን አድጋለች፤ የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ እንደ ትልልቆቹ ከተሞች መስቀለኛው ላይ የትራፊክ መብራት ይተከልልን» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ «መብራት የነበራቸው አገሮች እንኳ እየነቀሉ በአደባባይ እየተኩት ነው፤ ለኛም የሚበጀን አደባባይ ነው» አልን። ከወዲያ በኩል ደግሞ «አዲስ አበባ እኮ አደባባዩን አፍርሳ መብራት ተከለች፤ እናንተ ወዴት ልትመልሱን ነው?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ስብሰባው በዚሁ ተበተነ።

እኛም ጉዳዩን ስንመረምረው ሦስቱም ወገኖች የተናገሩት እውነት ሆኖ አገኘነው። ታዲያ ሦስቱም እውነት ከሆነ ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» ሳይሆን «ለየትኛው መንገድ የትኛው ይስማማል?» ነው ማለት ነው። ይህንኑ በቅደም ተከተል እናስረዳለን።

በመጀመሪያ ስለ መንገዳችን። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስና በደምበጫ በኩል የሚመጣው አውራ ጎዳና ከተማችንን ሰንጥቆ ወደ ቡሬ፣ ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል። ቡሬ ላይ ደግሞ አንዱ ክንድ ተገንጥሎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። በቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩና በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ አሉ። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ የሚያልፈው የሠፈር መኪና ብቻ አይደለም፤ ተሳቢ የጎተተ ከባድ መኪና፣ ሲኖትራክና የነዳጅ ቦቴ ነው። መንገድ ሲዘጋ ኑሮ ምን እንደሚመስል ባለፉት ዓመታት በሚገባ ስላየን፣ መንገዱ ተከፍቶ መኪና ሲመላለስበት ማየት ደስ ይለናል እንጂ አንቃወምም። ነገር ግን በዚያው አስፋልት ላይ በርበሬና በቆሎ የጫነ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ አህያ የሚነዳ ገበሬ፣ በገበያ ቀን ከገጠር የምትመጣ እናትና ደብተሩን ያንጠለጠለ ተማሪም አሉ። ከባዱ መኪና ገጠሩን ሲያቋርጥ የለመደውን ፍጥነት ይዞ ከተማ ውስጥ ይገባል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። መኪና ያለው ሰው ስለ መብራትና ስለ አደባባይ ሲከራከር የሚያስበው «ስንት ደቂቃ እቆማለሁ?» ብሎ ነው። በእግሩ የሚሄደው ግን «እሻገራለሁ ወይስ አልሻገርም?» ነው የሚለው። አብዛኞቻችን እግረኞች ስለሆንን ሁለቱን አሳቦች በዚህ በኩል መመዘን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

አሁን ወደ ፍጥነት እንምጣ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰኮንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ገና መያዝ ሳይጀምር መኪናው 14 ሜትር ሄዷል ማለት ነው። በሰዓት 30 ቢሆን ግን የሚጓዘው 8 ሜትር ገደማ ነው። ግጭቱም ቢደርስ ኃይሉ እኩል አይደለም። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የግጭቱ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ የምንፈልገው መሣሪያ፣ መብራትም ይሁን አደባባይ፣ ሾፌሩ ቢፈልግም ባይፈልግም ፍጥነቱን የሚያስቀንሰውን ነው።

የትራፊክ መብራት የሚሠራው ተራ በማካፈል ነው። ለአንዱ መንገድ አረንጓዴ፣ ለሌላው ቀይ ይሰጣል። የመጀመሪያው መብራት በጋዝ የሚነድ ሆኖ በ1868 እ.ኤ.አ. ለንደን ከፓርላማው አጠገብ ተተከለ፤ በሚቀጥለው ወር ፈንድቶ የሚቆጣጠረውን ፖሊስ አቆሰለው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው በ1914 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ተተክሎ ከዚያ በኋላ ዓለምን አዳረሰ። መብራት ትልቅ ጥቅም አለው። መኪና በበዛበት ቦታ ሥርዓት ያስይዛል፤ ለእግረኛም የብቻው ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። ሆኖም አንድ ጠባይ አለው። አረንጓዴ ያየ ሾፌር ፍጥነቱን አይቀንስም፤ እንዲያውም ቢጫ ሳይሆንበት ለማለፍ ይቸኩላል። አንድ ሰው ቀዩን ቢጥስ የሚደርሰው ግጭት ከጎን በኩል በሙሉ ፍጥነት ነው። በዚያ ላይ መብራት ሲሄድ የትራፊክ መብራቱም አብሮ ይሄዳል። «በፀሐይ ኃይል የሚሠራ አለ» ያላችሁን አባላት ትክክል ናችሁ፤ አለ። ነገር ግን እርሱም ባትሪው ሲያረጅ የሚለውጥ ባለሙያና በየዓመቱ የተያዘ በጀት ይፈልጋል። ተተክሎ የማይበራ መብራት ከሌለው ይብሳል፤ ምክንያቱም አንዱ «የኔ ተራ ነው» ሲል ሌላውም «የኔ ነው» ይላል።

አደባባይ ደግሞ የሚሠራው በቅርጹ ነው። መካከሉ ላይ ክቡ ስላለ ማንም ቀጥ ብሎ ሊያልፍ አይችልም፤ መሪውን ማዞር ግዴታው ነው፤ መሪውን ለማዞር ደግሞ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ስለተሻገረች ክቡን የምንዞረው በቀኝ ገብተን ነው። ስለዚህ ቅድሚያ የሚያገኘው ቀድሞ አደባባይ ውስጥ የገባውና በግራችን በኩል የሚመጣው ነው። መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ይህን ተፈትኖበታል፤ የሚያከብረው ስንቱ እንደሆነ ግን እናንተው ታውቃላችሁ።

የመንገድ መሐንዲሶች የሁለት መኪናዎች መንገድ የሚጋጭበትን ቦታ ይቆጥራሉ። አራት አቅጣጫ ባለው ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ 32 እንደዚህ ያሉ ነጥቦች አሉ። በዚያው ቦታ ባለ አንድ መስመር አደባባይ ቢሠራ ወደ 8 ይወርዳሉ። ሦስት አቅጣጫ ባለው መገንጠያ ላይ ደግሞ 9 የነበረው 6 ይሆናል። ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው ዓይነቱ ነው፦ ፊት ለፊት የሚደረገውና ከጎን በኩል የሚመታው፣ ማለትም ሰው የሚገድለው ግጭት፣ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። የሚቀረው መነካካት ነው፤ ፋኖስ ይሰበራል፣ ቆርቆሮ ይታጠፋል፣ ሰው ግን ቤቱ ይገባል።

ይህ አሳብ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በመብራትና በ«ቁም» ምልክት ይሠሩ የነበሩ 24 መስቀለኛ መንገዶች ወደ አደባባይ ከተለወጡ በኋላ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ጠቅላላ ግጭት በ38 በመቶ፣ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ግጭት ደግሞ በ76 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በዚያችው አገር በኢንዲያና ክፍለ ግዛት ያለችው ካርሜል የተባለች ከተማ፣ ሕዝቧ 100,000 ገደማ የሆነ፣ የነበሯትን መብራቶች አብዛኞቹን ነቅላ ከ150 በላይ አደባባዮች ሠርታለች። ፈረንሳይ ከ30,000 በላይ አላት። «መብራቱን እየነቀሉ ነው» ያሉት አባሎቻችን የተናገሩት እንግዲህ ይህንን ነው።

ነገር ግን አንድ ታሪክ አብሮ መነገር አለበት። በእንግሊዝ አገር በቀድሞው ጊዜ አደባባዮች ይቆለፉ ነበር። የሚገባው መኪና ውስጥ ያለውን እየገፋ ስለሚገባ ክቡ ይሞላል፤ የሚወጣውም መውጫ ያጣል። በ1966 እ.ኤ.አ. «የሚገባው ሁሉ ውስጥ ላለው ይቁም» የሚለው ደንብ በአገር ደረጃ ሲታወጅ አደባባዩ እንደገና መሥራት ጀመረ። ድንጋዩ አልተነካም፤ የተለወጠው ደንቡ ነው። ይህንን ነጥብ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንሂድ። አዲስ አበባ የአደባባይ ከተማ ናት። አራት ኪሎ የሚያዝያ 27፣ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሐውልት የቆመበት አደባባይ ነው። በአማርኛ አደባባይ ማለት ድሮም የመኪና ማዞሪያ ብቻ አልነበረም፤ ፍርድ የሚሰማበት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ ደመራ የሚደመርበት ቦታ ነው። ከጊዜ በኋላ መኪናው ሲበዛ ግን ነገሩ ተለወጠ። የቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀመር ሜክሲኮን የመሰሉ አደባባዮች ፈረሱ፤ ባቡሩም በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያም ወዲህ የከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት ኢምፔሪያልን የመሰሉ ሌሎች አደባባዮችን አስነሥቶ በመብራት ተካቸው።

ምክንያቱ ምን ነበር? መኪናው ከአደባባዩ አቅም በላይ ስለሆነ ነው። ከአንድ አቅጣጫ ያለማቋረጥ የሚመጣ ሰልፍ ክቡን ከያዘው ከሌላው አቅጣጫ ያለው መግቢያ አያገኝም። ሁሉም ሲጋፋ አደባባዩ ይቆለፋል፤ ትራፊክ ፖሊሱም መካከል ገብቶ በእጁ ያስተናግዳል። ፖሊስ በእጁ የሚያስተናግደው አደባባይ ደግሞ አደባባይነቱ ቀርቶ መብራት ሆኗል፤ ልዩነቱ ሰውየው ፀሐይና ዝናብ ላይ መቆሙ ብቻ ነው። እግረኛውም ብዙ መስመር ባለው ሰፊ ክብ ዙሪያ የሚሻገርበት ጊዜ አልነበረውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ለራሷ መንገድ የሚሆነውን አደረገች። የሷ ችግር የመኪና መጨናነቅ ነው፤ የኛ ችግር ግን የመኪና ፍጥነት ነው። የራስ ምታት መድኃኒት ለእግር ስብራት አይሰጥም።

ይሁንና ከአዲስ አበባ ልንማር የሚገባን ሌላ ሥራ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ለገሃር መገናኛው ላይ ትልቅ ግንባታ ሳይጠበቅ በቀለምና በተተካይ ምሰሶ ብቻ የመኪናው መንገድ እንዲጠብ፣ የእግረኛው ቦታ እንዲሰፋ ተደርጎ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ በርካሽ ዕቃ ይሞከራል፤ የማይሆነው ይታረማል፤ የሆነው በድንጋይና በሲሚንቶ ይጸናል። ወደዚህም እንመለሳለን።

አሁን ደግሞ በአደባባይ ላይ የቀረቡትን ተቃውሞዎች ሳንሸፋፍን እናቅርብ።

1ኛ. «ተሳቢው አይዞርም» የሚለው። ትክክለኛ ሥጋት ነው። የከባድ መኪና የኋላ ጎማ ከፊት ጎማው ይልቅ ወደ ውስጥ ገብቶ ስለሚዞር በጠባብ ክብ ላይ ይወጣል። መፍትሔው ግን የታወቀ ነው፤ በክቡ ጠርዝ ዙሪያ ዝቅ ያለ በድንጋይ የተነጠፈ ቀለበት ይሠራል። ትንሹ መኪና እንዳይንገጫገጭ ይሸሸዋል፤ ከባዱ ግን የኋላ ጎማውን ያሳልፍበታል። ይህ ቀለበት የሌለው አደባባይ በኛ መንገድ ላይ እንዲሠራ አንስማማም።

2ኛ. «ለዓይነ ስውሩ፣ ለአረጋዊውና ለአካል ጉዳተኛው መብራት ይሻላል» የሚለው። ይህ ከሁሉ የከበደን ነው። መብራት «አሁን ሂድ» ይላል፤ አደባባይ ግን የሚሻገረው ሰው ራሱ ክፍተት እንዲፈልግ ያስገድደዋል። 12 ሜትር የሚሰፋ አስፋልት ለመሻገር በደህና የሚራመድ ሰው 10 ሰኮንድ ይበቃዋል፤ ምርኩዝ የያዙ አባት ግን 15 ሰኮንድና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ስለዚህ አደባባይ ከተሠራ በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ መንገዱን ለሁለት የሚከፍል የእግረኛ መቆሚያ ደሴት መኖር አለበት። ሰው በአንድ ጊዜ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይቶ 6 ሜትር ያህል ይሻገራል፤ ያርፋል፤ ቀሪውን ይሻገራል። የእግረኛ ማቋረጫውም (ዜብራው) ከክቡ አፍ ላይ ሳይሆን አንድ መኪና የሚያስቆም ርቀት ወደ ኋላ ይቀባል። ይህም ሆኖ ለዓይነ ስውር ወገኖቻችን በቂ ነው ብለን አንደመድምም። በትምህርት ቤት በኩል ባለው ማቋረጫ ላይ በመግቢያና በመውጫ ሰዓት አስተናባሪ እንዲቆም ጨምረን እንጠይቃለን።

3ኛ. «ቦታ ይበላል፤ ጥግ ላይ ያለውን ሱቅ ያስነሣል» የሚለው። አደባባይ ከመስቀለኛ መንገድ ይልቅ ጥግ ጥጉን እንደሚሻ አይካድም። በመሆኑም ክቡ ባለ አንድ መስመርና ትንሽ እንዲሆን እንመርጣለን። ትንሽነቱ ቦታ ከማትረፉም በላይ ፍጥነትን ይበልጥ ያስቀንሳል። ባለ ሁለት መስመሩ ትልቅ አደባባይ እንደ ባለ አንዱ ደኅንነት አይሰጥም። ቢሆንም የሚነካ ይዞታ ካለ ባለቤቱ ከሥራው በፊት እንዲነገረውና ተገቢው ካሣ እንዲከፈለው ማኅበራችን አብሮ ይቆማል።

4ኛ. «ለምን ጉብታ ብቻ አይደረግም?» የሚለው። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ማን ለማን ይቁም የሚለውን አይፈታም።

እንግዲህ ከዚህ በላይ በተዘረዘረው ምክንያት የጥናት ቡድናችን የሚከተለውን ውሳኔ አሳብ ያቀርባል።

ሀ) በሠፈራችን መግቢያና በአውራ ጎዳናው መገናኛ ላይ መብራት ሳይሆን ባለ አንድ መስመር ትንሽ አደባባይ እንዲሠራ፣ ከላይ ከተገለጹት የከባድ መኪና ቀለበትና የእግረኛ ደሴቶች ጋር እንዲጠየቅ።

ለ) ከቋሚው ግንባታ በፊት በቀለምና በተንቀሳቃሽ ምሰሶ ለተወሰኑ ወራት እንዲሞከር፤ በሙከራው ጊዜ ግጭትና ጉዳት እየተቆጠረ ውጤቱ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ።

ሐ) ወደፊት የመኪናው ብዛት ከአደባባዩ አቅም ካለፈ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ። መብራትን ለዘለዓለም አንፈልግም አላልንም።

ጥያቄው የሚቀርበው ለማን ነው? ዋናው ጎዳና የፌዴራል ስለሆነ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ሳይፈቅድ ማዘጋጃ ቤቱ ብቻውን ሊቆርጠው አይችልም። ስለዚህ ደብዳቤያችን ለማዘጋጃ ቤቱ ቀርቦ በእርሱ በኩል ወደሚመለከተው ሁሉ እንዲደርስ እንሻለን። ከዚያ በፊት ግን በራስ ሥልጣን ድንጋይ ደርድሮ ወይም በርሜል አቁሞ መንገድ ማጥበብ ክልክል ነው፤ በሌሊት የሚመጣ ሾፌር ሳያየው ቢገባበት የሚጠፋው ነፍስ በኛ ላይ ነው።

አሁን «እንመለስበታለን» ወዳልነው ነጥብ እንምጣ። እንግሊዞች አደባባያቸው የሠራላቸው ደንቡን ሲያከብሩ ነው ብለናል። የኛም እንዲሁ ነው። አደባባይ ተሠርቶ አፉ ላይ ባጃጅ ተራ ከተሰለፈ፣ ጥጉ ላይ ጉሊት ከተዘረጋ፣ ሚኒባሱ ክቡ ውስጥ ቆሞ ተሳፋሪ ከጫነ፣ ያ አደባባይ በወሩ ይቆለፋል። ከዚያም «ድሮም መብራት ይሻል ነበር» እንባባላለን። ስለዚህ የባጃጅ ማኅበር አባላት ተራቸውን ከመገናኛው ራቅ አድርገው ለማዛወር ከወዲሁ እንዲመካከሩ፣ ጉሊት የሚሸጡ እኅቶቻችንም ሌላ ምቹ ቦታ ሳይዘጋጅላቸው እንዳይነሡ፣ ሁለቱም ጉዳዮች አብረው እንዲታዩ አደራ እንላለን። ሾፌር የሆናችሁ ልጆቻችንም ለግራው ቅድሚያ መስጠትን ከዛሬ ጀምሩ፤ ለዚህ ምንም ግንባታ አያስፈልግም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በመንገድ ላይ ግን የፈሰሰው ደም ከሆነ የሚለቀም የለም።

የከተማችን ስም ትርጉሙ «የሰላም መንገድ» መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከገጠር በርበሬዋን ተሸክማ የምትመጣ እናት አስፋልቱን ተሻግራ ገበያ ገብታ፣ ማታም ተሻግራ ቤቷ ትድረስ ነው የምንለው። የምናቀርበው ጥያቄ ከዚህ አይበልጥም።

ተቃውሞም ሆነ ማሻሻያ አሳብ ያላችሁ እጅ ከመውጣቱ በፊት ተነሥታችሁ ተናገሩ። በስብሰባው ያልተገኙትም ይህን ጽሑፍ ከሰሌዳው ላይ አንብበው አሳባቸውን በጽሑፍ ወይም በቃል ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያደርሱ በትሕትና እናሳስባለን።